መኪናው አልወደቀም

ገበየሁ ከራሱ ሚኒባስ ስር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከወገቡ በታች ያለው ውጭ ነው፤ ደረቱ ከኋላው አክስል ስር ተይዟል። ተረከዞቹ ቀዩን ጭቃ ደጋግመው ቆፍረው ሁለት ቦይ አውጥተዋል። ኢንስፔክተር ሀምዲያ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ቦዮቹን ነው። በአንድ ምት የሞተ ሰው እንዲህ ያለ ቦይ አይቆፍርም።

"ቤት ውስጥ ባለስትራ እቀይራለሁ ሲል ወድቆበት ነው፤" አለ ሳጅን ሙላቱ። "ጋራዥ ሄጄ ለምን እከፍላለሁ ይላሉ። ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ያዩና ይገቡበታል።"

"መውደቁን በምን አወቅክ?"

"መኪናው ላዩ ላይ ነዋ!"

"ክሪኩን እየው።"

ሙላቱ ጎንበስ ብሎ አየ። የዘይት ክሪኩ ከሻንሲው ስር እንደ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አናቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከስሩ ያለችው ማውረጃ ቡሎን ላልታለች።

"ክሪክ ከድቶ መኪና ሲወድቅ ክሪኩን ያጋድመዋል፤ አንዳንዴም ይወረውረዋል፤" አለች ሀምዲያ። "ይሄኛው ከቦታው አልተነቃነቀም። ማውረጃውም ተፈቷል። መኪናው አልወደቀም፤ ሰው ነው ያወረደው።"

ጎማ የተፈታው በግራ ኋላ በኩል ነው። መኪናው የወረደው የፍሬኑ ታምቡር መሬት እስኪነካ ድረስ ብቻ ስለሆነ በአክስሉና በመሬቱ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ቀርቷል። የሰው ደረት ተጨምቆ የሚያርፍበት፣ ሙሉ ትንፋሽ ግን የማይሳብበት ክፍተት። የገበየሁ ቀኝ እጅ የቡሎን መፍቻ ጨብጧል። ከእጁ አጠገብ፣ ሻንሲው ላይ፣ አንዲት ሳንቲም የምታህል ቦታ ቀለሟ ተልጦ ብረቱ ነጭ ሆኗል። እዚያ ቦታ ላይ ቡሎን የለም። የሚፈታም የሚጠብቅም ነገር የለም። ሀምዲያ ነጩን ቦታ ረጅም ጊዜ አየችው።

የተፈታው ጎማ ጊቢው ጥግ ካለው የማንጎ ግንድ ላይ ተደግፏል።

"ሙላቱ፣ አንተ ጎማ ስትፈታ የት ታደርገዋለህ?"

"ሻንሲው ስር አስተኛዋለሁ። ክሪኩ ቢከዳኝ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል። ይሄን የማያውቅ ሹፌር አሶሳ ውስጥ የለም።"

"ገበየሁም ያውቅ ነበር።" በባትሪዋ ከሻንሲው ስር አበራች። ጠዋት ያካፋው ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ ክብ ቅርጽ ታትሟል፤ ጎማው ላይ ያሉት ፊደላት ሳይቀሩ ተገልብጠው ይነበባሉ። "ጎማው እዚህ ተኝቶ ነበር። ሰውየው ስር እያለ አንድ ሰው ጎትቶ አወጣው፤ ወስዶ ማንጎው ላይ አስደገፈው፤ ተመልሶ ክሪኩን አወረደ።"

"እያየው?"

"ከጆሮው ስር ነው የወጣው። አይቷል። ሆኖም አልሸሸም፤ መፍቻውን እንደያዘ ሥራውን ቀጥሏል። ጎማውን የሚያወጣውን ሰው ያምነዋል ማለት ነው።"

ከመኪናው ጎን የተነጠፈ ጆንያ ላይ አሮጌዎቹ ዕቃዎች በተርታ ተደርድረዋል፤ የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ የተሰበረ የባለስትራ ቅጠል፣ የተበሉ የላስቲክ ጎሚኒዎች፣ ዝገት የበላቸው ቡሎኖች፣ አንድ አሮጌ አሞርዛተር። አሞርዛተር መኪና ጉድጓድ ሲመታና ኩርባ ሲይዝ እንዳይነጥርና እንዳይወዛወዝ የሚያደርገው ነው፤ ከኋላ ሁለት ነው የሚሆነው። ሁለተኛው ጆንያው ላይ የለም። የነበረበት ቦታ ላይ ቅርጹን የያዘ የዘይት ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል።

"ማን ነው አሮጌ አሞርዛተር የሚሰርቀው?" አለ ሙላቱ።

ሀምዲያ ልትመልስለት ስትል ከጊቢው በር በኩል ሰው ጮኸ።

* * *

የሰፈሩ ሰው ፖሊስን አልጠበቀም ነበር። ሙዐዊያ የሚባለው መካኒክ፣ ከባምባሲ የስደተኞች ጣቢያ እየተመላለሰ የሚሠራ ሱዳናዊ፣ ጠዋት ከገበየሁ ጋር ሲሠራ ቆይቶ ለሶላት ሄዶ ነበር። ሥራውን ሊጨርስ ሲመለስ ጩኸት ወዳለበት ጊቢ ገባ። የሟች ዘመዶች ያዙት። ቀኝ እጁን በሩ ስር ካለው ድንጋይ ላይ አስተኝተው በራሱ መዶሻ መቱት።

"ሁለተኛ ክሪክ አትነካም!" ይል ነበር አንደኛው።

ሀምዲያ ስትደርስ ሁለቱ ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት አቅጣጫ ታጥፈዋል። ሰውየው አያለቅስም፤ እጁን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ እያየው ነበር። ሙላቱ ሰዎቹን ገፍቶ ወደ ፖሊስ መኪና አስገባው።

የሟች ሚስት መነን በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ድንጋዩ ከፊት ለፊቷ ነው። ሁሉንም አይታለች። "ተዉት" አላለችም፤ "ምቱት"ም አላለችም።

* * *

ቤቱ የኀዘን ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፎቶ ጥቁር ጥብጣብ ታስሮበት ተሰቅሏል። ሔለን። አምና ክረምት አባቷ ከባምባሲ ይዟት ሲመጣ፣ ይሄው ሚኒባስ ኩርባ ላይ ተወዛውዞ ተገለበጠ፤ ከተሳፋሪዎቹ መካከል የሞተችው እሷ ብቻ ነበረች። መነን እስከ ዛሬ ጥቁር እንደለበሰች ነው። ቴሌቪዥኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ የኀዘን ቤት ዓመት እስኪሞላ ዘፈን አይከፈትበትም።

"የት ነበርሽ እህቴ?"

"ገበያ። ቅዳሜ አይደል? ሙዐዊያ ለሶላት ሲወጣ እኔም ዘንቢሌን ይዤ ወጣሁ። ገበየሁ እዚያው መኪናው ስር ነበር። ስመለስ..." አልጨረሰችውም።

"በሩን እንዴት ትተሽው ሄድሽ?"

"ገርበብ አድርጌ። ሰው ቤት እያለ ምን ይቆለፋል?"

"ከሙዐዊያ ጋር ተጣልተው ነበር?"

"ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ስለ መኪና ነው። እኔ የመኪና ነገር አይገባኝም፣ እታለም።" ጣቶቿ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ይነካካሉ፤ ክሩ ላይ ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ ታስሯል።

ሀምዲያ ስትነሳ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች። የአሶሳ አቧራ ቀይ ነው፤ ያልተነካ ጨርቅ ላይ በአንድ ሳምንት ቀለም ያወጣል። ይሄ ጨርቅ ግን ከላይ ንጹሕ ነው። ጫፉን በሁለት ጣት ገለጥ አደረገችው። አቧራው ከውስጥ በኩል፣ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ጫፉን ወደ ቦታው መለሰችው።

* * *

የጣቢያው አዛዥ በር ዘግቶ አነጋገራት።

"ሱዳናዊውን ሰኞ ፍርድ ቤት እናቅርበው።"

"ገና አላጣራሁም።"

"ውጭ ያለውን ሰው አየሽው? ነገ ከቀብር መልስ ባምባሲ እንወርዳለን እያሉ ነው። ሚስቱና ልጆቹ እዚያ ናቸው። ሰውየው ተከሷል ካልኩ ይበርዳል። ተለቋል ካልኩ ደግሞ ማን እንደገደለው በዚያው አፌ መንገር አለብኝ። ሌላ ሰው አለሽ?"

"እስካሁን የለኝም።"

"እንግዲያው እስከ ሰኞ ድረስ አምጪልኝ።"

ሙዐዊያ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ሀምዲያ በዐረብኛ ሰላም አለችው፤ እሷ ከሱዳን አዋሳኝ የበርታ ተወላጅ ስለሆነች ቋንቋው አይከብዳትም። እሱ ግን በተሰባበረ አማርኛ መለሰ፤ በሩ ላይ የቆመው ሙላቱ እንዲሰማው ፈልጓል።

"ወላሂ እኔ አልገደለም። ገበየሁ ጓደኛዬ ነው።"

"ተጨቃጭቃችሁ ነበር።"

"በባለስትራ ነው። እሱ ሦስት ቅጠል ጨምር ይላል፤ ጉባ ለግድቡ ሠራተኛ ትራንስፖርት አሸነፍኩ፣ መኪናዬ ኩርባ ላይ እንደ ባቡር ይያዝ ይላል። እኔ አንድ ይበቃል አልኩ። ሦስት ካደረግህ መኪናው ድንጋይ ይሆናል፤ ይነጥራል። ቪዲዮ ነው ያበላሸው። ሁሉ ሰው ቪዲዮ አይቶ መካኒክ ሆነ።"

"ስትሄድ ጎማው የት ነበር?"

"ከሻንሲ ስር። ራሴ አስተኛሁ።"

"አሮጌዎቹ አሞርዛተሮችስ?"

"ሁለቱም ጆንያ ላይ።"

"ከሶላት በኋላ የት ነበርክ?"

"መስጊድ ጊቢ ተኛሁ። ከጠዋት ጀምሮ ብረት አነሳሁ፤ ደከመኝ።"

"ያየህ ሰው አለ?"

"የተኛ ሰውን ማን ያያል?"

የሐኪሙ ቃል ሲመጣ ነገሩን አከፋው። ገበየሁ በአንዴ አልሞተም። መኪናው ቀትር አካባቢ ነው የወረደበት፤ ትንፋሹ የተቆረጠው ግን ፀሐይ ከዘቀዘቀች በኋላ ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ ሁሉ ጥቂት ጥቂት እየተነፈሰ ቆይቷል። ለመጮህ የሚበቃ አየር ግን አልነበረውም።

ሙላቱ ከገበያ ተመለሰ።

"መነን እውነቷን ነው። ቲማቲም ሻጯ በደንብ ታስታውሳታለች። አንድ በአንድ እያገላበጠች መረጠች ነው የምትለው። ተከራክራለች፤ ስቃለችም። ከዚያ ሽንኩርት፣ ከዚያ በርበሬ። እስከ አስር ሰዓት ገበያ ነበረች።"

"ስቃለች?"

"ዓመት ሊሞላ ነው እኮ ኢንስፔክተር። ሰው መቼም ይስቃል።"

* * *

ከገበየሁ ሞት የሚጠቀም ሰው አንድ ነበር፤ ሰራዊት። የጉባውን ሥራ ለማግኘት አብሮት ተወዳድሮ የተሸነፈ ሹፌር ነው። ሀምዲያ እሁድ ጠዋት ነዳጅ ማደያው ጋ አገኘችው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ተንጋሎ ጫት ይቅማል። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ማዶ ደርሷል።

"ትናንት የት ዋልክ?"

"እዚሁ። አሁን ካለሁበት ሦስት መኪና ወደ ኋላ። ኢንስፔክተር፣ እኔ በዚህ ሰልፍ ላይ ልጄን ድሬ የልጅ ልጅ ልስም ነው።" ከአጠገቡ ያሉት ሹፌሮች ሳቁ።

"መኪናህ እዚህ ዋለ። አንተስ?"

"እኔና መኪናዬ አንለያይም።"

"ከኋላህ የነበረው ሹፌር መኪናህን ሁለት ጊዜ ገፍቼ አስጠጋሁለት ብሏል። ለምን አንተ ራስህ አላስጠጋህም?"

ሰራዊት ጫቱን አስቀመጠ። ሹፌሮቹም ሳቃቸውን ተዉ።

"ውጣና እንነጋገር፤" አለችው።

ከማደያው ጀርባ ወስዳ አቆመችው። ትከሻው ወርዷል።

"ሄጃለሁ። ልሰድበው ነው የሄድኩት፤ ሌላ ነገር የለውም። በጎን ጉቦ ሰጥቶ ነው ያሸነፈኝ፤ ፊት ለፊት ልነግረው ፈለግሁ። በሩን ደበደብኩ። 'ወንድ ከሆንክ ውጣ!' አልኩት። መልስ የለም።"

"ቤት ውስጥ መኖሩን በምን አወቅክ?"

"ሰማሁታ። ብረት ይመታል። እኔ በሩን ስመታ እሱ ከውስጥ ብረት ይመታል። እኔ ሁለት ጊዜ፣ እሱ ሁለት ጊዜ። እኔ ሦስት፣ እሱም ሦስት። እያሾፈብኝ መሰለኝ። 'ምታ አንተ ፈሪ፣ ምታ!' ብዬው ሄድኩ።"

ሀምዲያ ሻንሲው ላይ የተላጠችውን ነጭ ቦታ አስታወሰች። ድምፅዋ አልተለወጠም።

"በሩ ገርበብ ካለ ለምን አልገባህም?"

"ምን ገርበብ ይላል? ጓጉንቸር ነበረበት እኮ፤ ከውጭ። ሚስቱን ከውጭ ቆልፊብኝ ብሎ ከእኔ የተደበቀ ነው የመሰለኝ።"

"ይሄን ትናንት ለምን አልተናገርክም? የሰው ጣት መሰበሩን ሰምተሃል።"

"ሄጄ ነበር ብል የእኔን ጣት ይሰብሩት ነበር፤" አለ ሰራዊት። ቀና ብሎ አያት። "ኢንስፔክተር... ያ ብረት የሚመታው... እየሠራ ነበር አይደል?"

"ሰልፍህ እንዳያመልጥህ፤" አለችውና ሄደች።

* * *

ከገበየሁ ጊቢ ጋር በቀርከሃ አጥር የሚዋሰኑት እማማ ብኸይታ የሚባሉ የበርታ አሮጊት ናቸው። ሀምዲያ በበርትኛ ጀመረችላቸው፤ እሳቸው ግን ሙላቱን አይተው ሴትና ወንድ ወደማይለየው አማርኛቸው መጡ፤ እንግዳ ባለበት በማይሰማው ቋንቋ ማውራት ነውር ነው።

"ትናንት የሰሙት ነገር አለ?"

"ሰማሁ። ደስ አለኝ ደግሞ። መነን ዘፈን ከፈተ። ጮክ አድርጎ። ዓመት ሙሉ ያ ቤት እንደ መቃብር ዝም ነበር፤ እኔም የራሴን ሬዲዮ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ኀዘን ላይ ነው ብዬ። ትናንት ዘፈን ስሰማ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ልቡ ተመለሰ፤ ጥቁሩን ሊያወልቅ ነው። ማንጎ ለቀምኩ፤ ልሰጠው ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ማንጎውን ይዤ ተመለስኩ።"

"ዘፈኑ መቼ ተከፈተ?"

"ሙዐዊያ ለዙህር ሶላት ሲሄድ በአጥር ሰላም አለኝ። ከሱ በኋላ ነው። ትንሽ ቆይቶ።"

"እስከ መቼ ቆየ?"

"መብራት ጠፋ። ግድቡ እዚሁ ጎረቤታችን፣ መብራቱ አሁንም ይጠፋል።" ሳቁ። "ያኔ ዘፈኑ ዝም አለ። ያን ጊዜ ገበየሁ ሲሠራ ሰማሁ። ቀስ ብሎ ይመታል። ኪው፣ ኪው። ያርፋል። ኪው። ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው አልኩ፤ ምሳ እንኳ አይበላም። አንድ ሰው ደግሞ በሩን እየመታ ጮኸበት፤ ከዚያ ሄደ። እሱ ግን መምታቱን አልተወም። መብራት ሲመጣ ዘፈኑም መጣ፤ ሌላ ነገር አልሰማሁም።"

ሙላቱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

አሮጊቷ የሀምዲያን ክንድ ያዙ። "ልጄ፣ ያን ጊዜ መኪናው ገና አልወደቀበትም፤ አይደል?"

ሀምዲያ በበርትኛ መለሰችላቸው፤ አልወደቀበትም አለቻቸው። ያ ቃል ሐሰት አልነበረም።

* * *

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ስር ሰው ሞልቷል። ወጣቶቹ ባምባሲ የሚወርዱበትን የጭነት መኪና መንገድ ዳር አቁመው ይጠብቃሉ። ሀምዲያ መነንን ወደ ቤት ውስጥ ጠርታ በሩን ዘጋች። ሙላቱ በሩን ደግፎ ቆመ።

"ቁልፉን አሳዪኝ።"

"የቱን?"

"ማተብሽ ላይ ያለውን።"

መነን አልነካችውም።

"በሩን ገርበብ አድርጌ ሄድኩ ብለሽኝ ነበር፤" አለች ሀምዲያ። "ጓጉንቸሩ ከውጭ ነበር። ሁለት ሰው አግኝቶታል። አንደኛው ሊሳደብ መጥቶ፣ አንደኛዋ ማንጎ ይዛ፤ ጥቁርሽን ልታወልቂ ነው ብላ ልትደሰትልሽ። ይሄ ጨርቅ ዓመት ሙሉ አልተነሳም። ትናንት ግን ተነስቶ ተገልብጦ ነው የተመለሰው። ሙዐዊያ ቢሆን ቴሌቪዥኑን የሚከፍትበት፣ በሩንም በአንቺ ቁልፍ የሚቆልፍበት ምክንያት የለውም። ጎማውን ስታወጪው ምን አልሽው?"

መነን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከውጭ የአልቃሾቹ ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት አዳመጠችው።

"'ጭቃ ነው፤ ልጠብልህ' አልኩት። 'እሰይ የኔ ሚስት' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ማውረጃዋን እሱ ሲያዞራት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አዞርኳት። ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ እንደዚያ ቀስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ምን እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው። ስሜን ጠራ። አንዴ። ከዚያ መጥራት አልቻለም።"

"አልሞተም ነበር።"

"አውቃለሁ። ብረቱን መምታት ጀመረ። ያኔ ነው ቴሌቪዥኑን የከፈትኩት። ቆለፍኩና ገበያ ሄድኩ።"

"ቲማቲም መረጥሽ።"

"መረጥኩ። ምን ላድርግ፣ የበሰበሰ ልግዛ?"

ሙላቱ በሩ ላይ እንደቆመ አንገቱን ደፋ። ሀምዲያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። የልጅ አልጋ እንደተነጠፈ አለ። ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ትራሱ ላይ፣ በሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ ተጠቅልሎ፣ የጠፋው አሞርዛተር ተኝቷል። ዘይቱ ሹራቡን አጥቁሮታል።

ይዛው ስትመለስ መነን እጇን ዘረጋች፤ ሀምዲያ አልሰጠቻትም።

"ጠዋት ውሃ ልሰጣቸው ወጣሁ፤" አለች መነን። "ሙዐዊያ ያንን ይዞ ለገበየሁ ያሳየዋል። በእጁ ገፋው። ገባ። እዚያው ቀረ። 'ደህናው ተመልሶ ይወጣል፤ ይሄ ሞቷል፤ አምና ነግሬህ ነበር፤ ኩርባ ላይ መኪናህን አይዝልህም ብዬህ ነበር' አለው። ገበየሁ ሳቀ። 'አሁን እየቀየርኩ አይደል? ምን ትነዘንዘኛለህ?' አለው።" ድምፅዋ አልተሰበረም። "ለእኔ ዝናብ ነው ብሎኝ ነበር። መንገዱ ሙልጭልጭ ነበር፤ የእግዜር ሥራ ነው ብሎኝ ነበር። ዓመት ሙሉ እግዜርን ስወቅስ ነው የኖርኩት። ለጉባ ሰዎች ቀየረው። ለማያውቃቸው ሰዎች። ለልጄ አልቀየረም።"

"ሙዐዊያ ምን አደረገሽ? ጣቱን ሲሰብሩ ፊት ለፊትሽ ነው። አንድ ቃል ብትናገሪ ይተዉት ነበር። ዛሬ ደግሞ ቤተሰቡን ሊያቃጥሉ መኪና አቁመዋል።"

"አይቻለሁ።"

"እሱ የገደለብሽ ሰው የለም።"

"ያውቅ ነበር!" ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ወዲያው መለሰችው። "ለገበየሁ ነገረው። ለእኔ አልነገረኝም። ከዚህ ቤት ውሃ ጠጥቷል፤ እንጀራ በልቷል፤ ሔለንን 'ኦስታዛ፣ አስተማሪዬ' እያለ ያጫውታት ነበር። 'መነን፣ ልጅሽን እዚህ መኪና ላይ አታሳፍሪ' ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? አንዲት ቃል ናት። እኔም አንዲት ቃል ነፈግሁት።"

ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። ድንኳኑ ስር ሲያልፉ አልቃሾቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ሙላቱ በለሆሳስ ለወጣቶቹ ነገራቸው። አላመኑትም፤ አንደኛው ግን መነንን ራሷን ጠየቃት። "እኔ ነኝ" አለችው። ወጣቱ ከጭነት መኪናው ዘሎ ወረደ፤ ከዚያ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ መንገዱ መሃል ቆመ።

* * *

ሰኞ ጠዋት ሙዐዊያ ተለቀቀ። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች ከእንግዲህ እንደማይታጠፉ ነግሮታል። ሚስቱ ኢኽላስ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ከመሄዱ በፊት ሀምዲያ አንድ ነገር እንዲለይላት ጠየቀችው። አሞርዛተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

"ይሄን ታውቀዋለህ?"

"ግራ ኋላ ነው። የገበየሁ።" በግራ እጁ ቀጥ አድርጎ አቆመውና ዘንጉን ገፋው። ያለ ምንም ትግል ገባ። "አየህ? ሞቷል። ነገርኩት ወላሂ። ሁለት ጊዜ ነገርኩት፣ ልጁ ሳይሞት።"

"ለእናቷስ ነግረሃታል?"

ሙዐዊያ ጥያቄው አልገባውም። ሀምዲያን አየ፤ መልሶ ዕቃውን አየ።

"ለእናቷ? የመኪና ነገር ለሴት ይነገራል እንዴ?"

ቀና ብሎ የሀምዲያን የደንብ ልብስ አየ፤ ከዚያ ፊቷን። ከዚያ ቀስ እያለ ገባው፤ በረንዳው ላይ የቆመችው ሴት፣ ድንጋዩ፣ ቅዳሜ ጠዋት የተቀበለው ብርጭቆ ውሃ።

ዘንጉን ወደነበረበት ሊመልሰው ያዘው። እንዲህ ያለ የሞተ ዕቃ በራሱ አይወጣም፤ አንዱ እጅ ሲይዘው ሌላው መጎተት አለበት። በፋሻ የታሰረውን ቀኝ እጁን አስጠጋ፤ ሞከረ፤ ጥርሱን ነከሰ። አልሆነም።

ዘንጉ እንደገባ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ።